የብርጭቆዎቹ ሐኪም

ልጅ ሆኜ ብርጭቆ ይታመማል ብዬ አምን ነበር። ሰው ነግሮኝ ብቻ አይደለም፤ በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው። በፎጣ ተጠቅልሎ ሐኪም ዘንድ ሲገባ አይቻለሁ፤ ተሰፍቶና ድኖ ሲመለስም አይቻለሁ። ከአንዱ ጋርማ በአንድ ሳምንት ነው ቀዶ ጥገና የተደረገልን። ዛሬ ይህን ለልጆቼ ሳወራ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ፣ እኔም እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ቤት ሙሉ ትልልቅ ሰው የማያውቀውን ምስጢር የያዝኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአያቴ ሳሎን፣ ከባለ መስታወቱ ቡፌ ነው። ባሏ፣ ወንድ አያቴ፣ የአንድ ትልቅ ሆቴል የመጠጥ ክፍል ኃላፊ ነበር። ሆቴሉ ሲዘጋ ባለቤትየዋ ከገዛ ጠረጴዛዋ ስምንት ዕቃ አንስታ ሰጠችው፤ እግራቸው ረጃጅም የሆኑ ስድስት ብርጭቆዎች፣ የመስታወት ክዳን ያለው አንድ ጠርሙስና አንድ ሰማያዊ ጆግ። ሁሉም ከመቶ ዓመት በላይ እንደሆናቸው ይነገር ነበር። ወንድ አያቴ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው። ሲሞት “ይሄ ለልጆቼ ነው” ብሎ ስለነበር፣ እንኳን ሊጠጣባቸው፣ አጠገባቸው ማስነጠስም በቤታችን ነውር ነበር።

የሚነኩት ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው፤ ያውም በአያቴ እጅ። እሷ ታጥባለች፣ እኔ በርጩማ ላይ ቆሜ የማድረቂያውን ጨርቅ እይዛለሁ። አንድ ቦታ አልረጋ ስለምል “ፌንጣ” ነበር የምትለኝ። ቅዳሜ ግን እረጋለሁ፤ ጆጉ አለና።

ጆጉን የምታጥበው መጨረሻ ላይ ነው። ካደረቀችው በኋላ ጠርዙን በጥፍሯ ነካ ታደርግና ወደ ጆሮዬ ታስጠጋዋለች። ድምፁ ቶሎ አያልቅም። “ቁጠሪ” ትለኛለች፤ አሥራ አንድ ድረስ ቆጥሬ አውቃለሁ። ከዚያ ትገለብጠውና ቂጡ መሐል ያለችውን ሻካራ ጠባሳ በጣቴ ታስነካኛለች።

“ይሄ እምብርቱ ነው። ሠሪው በብረት ላይ እፍ እያለ ነፍቶ፣ ሲጨርስ ከብረቱ የቆረጠው እዚህ ጋ ነው። በትንፋሽ የተሠራ ሁሉ እምብርት አለው።”

ቀሚሴን ገልጬ የራሴን አየሁ። እውነቷን ነው።

“እነዚያ ስድስቱ ግን የላቸውም” አልኳት አንድ ቀን።

አያቴ ጨርቁን ጨመቅ ጨመቅ አደረገች። “እነሱ አንቺ ሳትወለጂ ታመው ነበር። ድነዋል” አለችኝ።

ስድስት ዓመቴ ላይ ጠርሙሱ ታመመ። አያቴ እትዬ ሚጣ ወደ ሥራዋ፣ ወደ ዳቦ ቤቱ፣ እስክትሄድ ጠብቃ ቡፌውን ከፈተች። ሚጣ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ ዕድሜዋ ሠላሳ ቢያልፍም የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች ስሟ ሚጣ ሆኖ ቀረ። እኔ ደግሞ ባለጌ እንዳልባል “እትዬ” ጨመርኩበት። አያቴ ጠርሙሱን በፎጣ ጠቀለለችና “ነይ ምርኩዝ ሁኚኝ፣ ይሄን ሐኪም ይየው” አለችኝ።

“ምን ሆነ?”

“ዝም ብሏል፣ አይታይሽም?”

ጠርሙሱ ሲፈጥረውም ዝምተኛ ነበር። ግን አያቴ ካለች አለች ነው።

ሐኪሙ ከገበያው ጀርባ፣ ጠባብ መንገድ ላይ ነበሩ። በራቸው ሲከፈት ደወል ይጮኻል። ነጭ ጋዋን ለብሰው፣ አንድ ዓይናቸው ላይ ትንሽ ማጉያ ሰክተዋል። ዙሪያውን መደርደሪያው ላይ በሽተኞች ተራ ይጠብቃሉ፤ የቆመ ሰዓት፣ ፋኖስ፣ አፍንጫው የተሸረፈ የሸክላ ውሻ። ጋዋኑ ለአቧራው እንደሆነ፣ ቤቱም የአሮጌ ዕቃ መደብር እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ቀን የማየው ምርመራውን ነበር። ጠርሙሱን በጥፍራቸው መታ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ። እፍ አሉበትና ጉሙ እስኪጠፋ ተመለከቱ። አፉን በባትሪ አዩ። ገልብጠው እምብርቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። እኔን እንደዚያ ተጠንቅቆ የመረመረኝ ሐኪም እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

“ሁኔታው በጣም ጥሩ ነው” አሉ ለአያቴ። “እርግጠኛ ነዎት ግን?”

“ለልጆቹ ነው” አለች አያቴ።

ደህና ከሆነ ለምን ትተነው እንደምንሄድ መንገድ ላይ ጠየቅኳት። “ሐኪም በሽተኛው ፊት እውነቱን አያወራም” አለችኝ። ከዚያ ቆም ብላ ትከሻዬን ያዘች። “የሰው በሽታ አይወራም፣ ገባሽ? ሐኪሙ፣ አንቺና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው። ሆድ ይፍጀው።”

ሆዴ ፈጀው። በሳምንቱ ጠርሙሱ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተመለሰ። አገላብጬ አየሁት፤ ቀሎታል፣ ከላይ እስከ ታች ጎኑ ላይ ቀጭን መስመር ወጥቶበታል።

“ይሄስ?”

“የተሰፋበት ነው።”

“እምብርቱ የት ሄደ?”

“በቀዶ ጥገናው ወጣ።”

በጥፍሬ መታሁት። ጠቅ! አለና አበቃ። “ድምፁስ?”

“ማደንዘዣው አለቀቀውም” አለችኝ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ያለቀሰች መስሎኝ አቀፍኳት። አሁን ሳስበው፣ እየሳቀች ነበር።

ያ መስመር የፋብሪካ ብርጭቆ ሁለት የብረት ቅርጽ መሐል ሲጨመቅ የሚቀርበት ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ገበያ ውስጥ በርካሽ ይገኛል። በዚያው ወር ለእናቴ የልብስ ስፌት መኪና መጣላት። አያቴ “ከአፌ እየቀነስኩ ያጠራቀምኩት ነው” አለች፤ እናቴም አመነች። እኔም ጠርሙሱንና መኪናውን አላገናኘሁም።

በዓመቱ እኔ ሆዴን ታመምኩ። ይመጣል ይሄዳል፤ ሲመጣ እጥፍ ያደርገኛል። ሆስፒታል ወስደውኝ ትልልቆቹ በር ላይ ሲንሾካሾኩ ቆዩ። በማግስቱ አያቴ እኔን በአንድ እጇ፣ ጆጉን በሌላው ይዛ ወደ ሐኪሙ ሄደች። አይ ጣጣ፣ ሁለታችንም አንድ ላይ ታመምን አልኩ በሆዴ።

ሐኪሙ ፎጣውን ገለጡ። ጆጉን መታ እንኳ አላደረጉትም።

“ይሄንንስ ይተዉት፣ እባክዎ” አሉ።

አያቴ በአገጯ ወደ እኔ ብቻ አመለከተች። ሐኪሙ አዩኝ፤ ማጉያውን ከዓይናቸው ነቅለው አዩኝ። ከዚያ ጆጉን በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። በሽታው ጠንቶበታል ማለት ነው ብዬ መንገዱን በሙሉ ለጆጉ አለቀስኩ።

ሐሙስ ዕለት እኔ ተቀደድኩና ተሰፋሁ። ቤት ስመለስ ጆጉ ቡፌው ውስጥ ቀድሞኝ ተቀምጧል፤ የሱ ስፌት ጎኑ ላይ፣ የኔው ደግሞ ሆዴ ላይ። አያቴ እንዳታየኝ ቀሚሴን ገልጬ አሳየሁት። እሱም እንደኔ ድምፅ አልነበረውም። በሦስተኛው ሳምንት እኔ መጮህ ጀመርኩ፤ እሱ ግን ዝም እንዳለ ቀረ። ማገገም እንደየሰው ነው ብዬ ተውኩት።

አያቴ በሚቀጥለው ዓመት፣ በእንቅልፏ፣ ማንንም ሳታስቸግር ሄደች። ከዚያ አጎቴ መጣ። አጎቴ መንገድ የሚሠራ መሐንዲስ ነው፤ የቤቱ የበኩር ልጅ፣ የሁላችንም “ጋሼ”። ደግ ሰው ነው፤ ግን ስለ ትምህርቱ ሲያወራ አይቻልም። “እኔ በማንም ትከሻ አልተማርኩም፤ ጎበዝ ተማሪዎችን የሚረዳ ድርጅት ነው በጭንቅላቴ ያስተማረኝ” ይላል፣ ግንባሩን መታ መታ እያደረገ። ይህን በዓመት ሦስት ጊዜ እንሰማ ነበር።

ከእናቴና ከእትዬ ሚጣ ጋር ሳሎን ተቀምጠው ስለ ውርሱ ሲነጋገሩ እኔ ጠረጴዛው ስር ነበርኩ።

“ብርጭቆዎቹ ከተሸጡ” አለ ጋሼ “እኛ ድርሻችንን ከእነሱ እንወስዳለን፤ ቤቱ ለሚጣ ይሁን። እማዬን የጦረች እሷ ናት፣ ይገባታል። ካልተሸጡ ግን ቤቱን ከመሸጥ ሌላ ምን ምርጫ አለን? እኔም አምስት ልጅ አለኝ።”

“እንዲህ ያለ ዕቃማ ብዙ ያወጣል” አለች እናቴ።

“እንግዲህ ቤቱ ያረፈው ብርጭቆዎቹ ላይ ነው” አለ ጋሼ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ በእግሬ ጣት ነበር የምሄደው። እትዬ ሚጣ ትምህርቷን አቋርጣ አያቴን ዘጠኝ ዓመት ጦራለች፤ ሊያገባት የነበረው ሰውም መጠበቅ ሰልችቶት ሌላ አግብቷል። እኔና እናቴ የምንኖረው ከጓሮ ባለችው ክፍል ነው። ቤቱ ከተሸጠ ማን የት እንደሚያድር እትዬ ሚጣ ሳታሰላው አልቀረችም፤ ያን ሰሞን ዳቦ እያመጣች መብላት ትረሳ ነበር።

ብርጭቆ የሚያውቅ ሰው ተፈለገ። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳና ጋሼ እየመራ ያስገባቸው ሰው የኔ ሐኪም ሆኑ! ጋዋናቸውን አልለበሱም፤ ግን ማጉያው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። እኔን ሲያዩኝ እግራቸው ምንጣፉ ላይ ተተከለ። ቡፌውን አዩ፣ ግድግዳው ላይ የአያቴን ፎቶ አዩ፣ ተመልሰው እኔን አዩ። ምስጢሩ እንዳለ ነው ለማለት ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። ጭንቅላታቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ።

“ይቀመጡ፣ ቤትዎ ነው” አለች እናቴ።

ከቦርሳቸው አራት ዓምድ ያለው ወረቀት አወጡ፤ ዕቃ፣ ዕድሜ፣ ሁኔታ፣ ግምት ይላል። የመጀመሪያውን ረጅም ብርጭቆ አነሱ። ገለበጡ። በመስኮቱ ብርሃን አዩት። እፍ አሉበት። ሁለተኛውን አነሱ። ሁሉም ትንፋሹን ይዟል፤ ጋሼ ወንበሩ ጫፍ ላይ ደርሷል። ስምንቱንም አንድ በአንድ አይተው ሲጨርሱ ወረቀቱ ላይ አንዲት ፊደል አልጻፉም። ምስኪን፣ ምን ይበሉ?

“እንዴት ነው ታዲያ?” አለ ጋሼ።

“ጥሩ ብርጭቆዎች ናቸው። ውሃ ይጠጣባቸዋል።”

“ዕድሜያቸውን ነው የምጠይቅዎት።”

ላባቸውን ጠረጉ። “ይሄ ጆግ... አንድ ዓመት ይሆነዋል።”

ጋሼ ሳቀ። ሌላ ሰው አልሳቀም። ከዚያ ተነስቶ አንዱን ብርጭቆ በጥፍሩ መታ፤ ጠቅ! ሌላውን መታ፤ ጠቅ! ፊቱ ተለዋወጠ። “እነዚህ እኮ ልጅ ሆነን እንደ ደወል ነበር የሚጮኹት! ይሄ የኛ አይደለም። ሰው ለውጦታል!”

“ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው” አለች እናቴ፣ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ።

“የቡፌው ቁልፍ ማን ጋ ነበር?”

“እማዬ አንገት ላይ” አለች እትዬ ሚጣ ቀስ ብላ። “መጨረሻ ላይ እኔ ጋ።”

“አንቺ ጋ።” ጋሼ ቃሉን እየደጋገመ በክፍሉ ተዘዋወረ። “አባባ ‘ለልጆቼ ነው’ ብሎ የተወውን! እኔ ደግሞ ቤቱን ላንቺ ልለቅ! ንገሪኛ፣ ለማን ሸጥሻቸው?”

እትዬ ሚጣ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር፤ አያቴ የሞተች ቀን እንኳ እኛን ስታጽናና ነው የዋለችው። እንባዋ ዱብ ሲል ሆድ ይፍጀው የተባልኩት ሁሉ ከሆዴ ፈንድቶ ወጣ።

“አልሰረቀችም! ታመው ነው! አያቴና እኔ ነን ሐኪም ጋ የወሰድናቸው! እሳቸው ናቸው ሰፍተው ያዳኗቸው፤ ይኸው ስፌቱ! ድምፃቸው የጠፋው ማደንዘዣው ነው!”

ሰው ሁሉ ክው አለ። እኔ የበሽተኛ ምስጢር ማውጣቴ አስፈርቶኝ ወደ ሐኪሙ ዞርኩ። እሳቸው ግን ማጉያቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ ሸክም ያወረደ ሰው ይመስላሉ።

“አደራ ነበረብኝ” አሉ። “ከእንግዲህ ግን አደራውን ብጠብቅ ሰው ይጎዳል። የገዛኋቸው እኔ ነኝ። ያመጡልኝ እናታችሁ ናቸው። ቡፌው ባዶ ሆኖ እንዳታዩት ነው ከገበያ እየገዙ የተኩት።”

“እማዬ? ለምን ብላ?” አለ ጋሼ።

“ስድስቱ ብርጭቆ እርስዎ ነዎት።”

“እንዴት እኔ ነኝ?”

“በየዓመቱ ትምህርት ሊከፈት ሲል እናትዎ አንድ ያመጡ ነበር። አምስት ዓመት፣ አምስት ብርጭቆ። ስድስተኛው የምረቃ ኮት ነው።”

ጋሼ የለበሰውን ኮት ወደ ታች አየ። ያው ራሱ ኮት ነበር፤ በዚያ ኮት ነው ለክብር ቦታ ሁሉ የሚሄደው።

“ድርጅት ነው ያስተማረኝ” አለ፣ ድምፁ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። “በየዓመቱ የምስጋና ደብዳቤ እጽፍ ነበር። እማዬ ናት ፖስታ ቤት የምትወስድልኝ።”

“ድርጅቱ እኔ ነኝ” አሉ ሐኪሙ። “ደብዳቤዎቹ መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። ‘ለተከበራችሁ የድርጅቱ ኃላፊዎች’ ይላሉ። እናትዎ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው ያዙኝ ነበር፤ የእጅ ጽሑፍዎ በየዓመቱ እየተሻሻለ ሄዷል።”

ጋሼ ተቀመጠ። ጎልማሳ ሰው ሲስቅና ሲያለቅስ ባንድ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ የትኛው እንደሚበልጥ መለየት አቅቶኝ ነበር።

“ጠርሙሱ የስፌት መኪናው ነው” ብለው ወደ እናቴ ዞሩ። እናቴ ሳትጠየቅ ገብቷት ነበር።

“ጆጉስ?” አለች።

ሐኪሙ ያን ዕለት አያቴ እንዳደረገችው በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። ሆስፒታሉ በነጻ እንዳከመኝ ነበር የምታውቀው። እኔ የመሰለኝ ግን ጆጉ በመዳኑ ደስ ብሏት ነው፤ ከዚህ የተለየ ነገር የገባኝ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ አንድ ቅዳሜ ያንኑ ጆግ ሳጥብ ነው። እዚያው ማጠቢያው ላይ ተደግፌ ነው ያለቀስኩት።

“ለሚጣስ የተሸጠው የቱ ነው?” አለ ጋሼ ቀና ብሎ።

“ለእሳቸው የተሸጠ የለም” አሉ ሐኪሙ።

ጋሼ ብድግ ብሎ ሄዶ ታናሽ እህቱ እግር ስር ቁጭ አለ፤ ያ ሁሉ ትልቅ ሰው፣ ያ ሁሉ ኮት። “ይቅር በይኝ፣ ሚጣዬ” አላት። “ቤቱ ያንቺ ነው። ከዚህ በኋላ ስለ ቤት የሚያነሳ ካለ ከኔ ጋር ነው።” እሷም “ተነስ እንግዲህ፣ ኮትህ ይቆሽሻል” አለችው። ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን።

ሐኪሙ ወረቀታቸውን ሊያጥፉ ሲሉ ባዶውን ዓምድ አይቼ አሳዘኑኝ። ያን ሁሉ መንገድ መጥተው አንድ እምብርት ያለው ዕቃ ሳያገኙ ሊመለሱ ነው። ፊታቸው ቆሜ ቀሚሴን ገለጥኩ።

“እኔ አለኝ” አልኳቸው። “ስፌትም አለኝ።”

እናቴ “አንቺ ልጅ!” ብላ ልትጎትተኝ ነበር፤ ሐኪሙ ግን በእጃቸው አስቆሟት። ማጉያቸውን አንስተው ዓይናቸው ላይ ሰኩ። ጎንበስ ብለው እምብርቴን አዩ፣ ጠባሳዬን አዩ፣ ግንባሬን በጥፍራቸው መታ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ። እኔም እንደ ጆጉ “እእእእ” አልኩላቸው፣ ትንፋሼ እስኪያልቅ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና ዓምዶቹን ሞሉ፦ “ዕቃ፣ አንዲት ሴት ልጅ። ዕድሜ፣ ስምንት ዓመት። ሁኔታ፣ በትንፋሽ የተሠራች፣ በአንድ በኩል የተሰፋች፣ ድምፅ አላት።”

“ግምቱስ?” አለ ጋሼ፣ ዓይኑን በኮቱ እጅጌ እየጠረገ።

“ዋጋዋን እናታችሁ ቀድመው ተምነዋል፤ እኔ አላሻሽለውም” አሉና ፈርመው ለእትዬ ሚጣ ሰጧት።

ቤቱ ዛሬም የእትዬ ሚጣ ነው። ቡፌውም አለ፤ ስምንቱ የገበያ ዕቃዎች እንደ ጥንቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ይታጠባሉ፣ አጠገባቸው ማስነጠስ አሁንም ነውር ነው፣ ወረቀቱም ከጆጉ ስር ተቀምጧል። ልጠይቃት ስሄድ በር ላይ ሳትስመኝ በፊት ግንባሬን በጥፍሯ ነካ ታደርግና ጆሮዋን ታስጠጋለች።

“እሺ፣ እንዴት ነኝ?” እላታለሁ።

“ዝም በይ” ትለኛለች። “እየቆጠርኩ ነው።”